የካርቴጁ ቆጵርያኖስ፤ አንዲት በር ብሎ ያስተማረው ሰው



በየዓመቱ በምትወጣው መጽሔታችን ላይ ከቀደሙት ታላላቅ ሰዎች የአንዱን የሕይወት ታሪክ ባጭሩ ማቅረብ ልማዳችን ነው። ዘንድሮ የመረጥነው ከሞተ ከ1,760 ዓመታት በላይ የሆነውን የሰሜን አፍሪቃ ሰው፥ የካርቴጁን ኤጲስ ቆጶስ ቆጵርያኖስን ነው። ይህን ከሩቅ አገርና ከሩቅ ዘመን የመጣ ሰው ከኛ ዕድር ጋር ምን አገናኘው ትሉን ይሆናል። ምክንያታችንን እንናገር።

ባለፈው ዓመት ጡሩምባ ተነፍቶ ወደ አንድ ጎረቤታችን ቀብር በወጣን ጊዜ፥ ሟቹ የኖሩበትን ቤተ ክርስቲያን ትተው ወደ ሌላ ሄደው ስለ ነበር፥ ድንኳኑ ሥር ጉርምርምታ ተነሣ። አንዳንዱ ሰውየው ከመዳን መንገድ ወጥተዋልና ቃሬዛቸውን መሸከም አይገባንም ባይ ሆነ። ሌላው ደሞ ስንት ዓመት ሙሉ መዋጮ ከፍለው የሰውን ሁሉ ሬሳ ሲሸከሙ የኖሩ ሰው እንዴት እንዲህ ይባላሉ ብሎ ተቆጣ። ልጆቻቸው ከድንኳኑ ጫፍ ተቀምጠው ይህን ሁሉ ይሰሙ ነበር። ቀብሩስ ተፈጸመ፤ ነገሩ ግን ከብዙዎቻችን ልብ እስከ ዛሬ አልወጣም።

በዚያ ክርክር መካከል፥ መዳን የሚገኘው በአንዲት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ብቻ ነው የሚለው ትምህርት ተደጋግሞ ተነሥቷል። ትምህርቱ የቆየ ነው፤ ብዙ አብያተ ክርስቲያናትም እያንዳንዳቸው በየራሳቸው አተረጓጐም ይዘውታል። ነገር ግን ከጥንቶቹ አባቶች አጥብቆ ያስተማረው ማን እንደ ነበረ፥ ስለ ምን እንዳስተማረው፥ እርሱ ራሱስ በውጭ ካሉት ሰዎች ጋር እንዴት እንደ ኖረ የጠየቀ አልነበረም። እኛም አንብበን ያገኘነውን ለማካፈል ያህል ይህን ጻፍን። ዘመኑን የምንጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ትውልዱና ወደ ክርስትና መምጣቱ

ቆጵርያኖስ የተወለደው ከ200 እስከ 210 ባሉት ዓመታት ውስጥ እንደ ሆነ ይገመታል። ካርቴጅ በዛሬዋ ቱኒዝያ የባሕር ዳርቻ የነበረች፥ በሮማ ግዛት ከታላላቆቹ ከተሞች አንዷ ናት። እርሱም ባለጸጋና የተማረ ሰው ሲሆን፥ ሥራው የንግግር ጥበብ መምህርነት ነበር። በዚያ ዘመን የንግግር መምህር ማለት ለችሎትና ለሹመት የሚታጩትን የትልልቅ ሰዎች ልጆች የሚያሠለጥን ስለ ነበረ፥ ስሙም ኪሱም ሙሉ ነበር።

ክርስቲያን የሆነው አርባ ዓመት ገደማ ከሆነው በኋላ በ246 አካባቢ ነው። ያስተማረው ቄሲልያኖስ የሚባል አንድ ሽማግሌ ቄስ ነበር። ቆጵርያኖስም ከሀብቱ ብዙውን ሸጦ ለድኾች ሰጠ። ሽማግሌው ቄስ ሊሞት ሲል ሚስቱንና ልጆቹን ለዚሁ ደቀ መዝሙሩ አደራ ሰጥቶ እንዳረፈ፥ የቆጵርያኖስን ገድል የጻፈው ዲያቆኑ ጶንጥዮስ ይነግረናል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እናስታውስ። በስንክሳራችን መስከረም 21 ቀን ከድንግል ዮስቴና ጋር የሚታሰብ፥ አስቀድሞ ጠንቋይ የነበረ ሌላ ቆጵርያኖስ አለ። በጥንት መጻሕፍት የሁለቱ ታሪክ አንዳንድ ቦታ ላይ ተደባልቋል። የኛው ግን ጠንቋይ ሳይሆን መምህር የነበረው ነው።

ከተጠመቀ ገና ሁለት ሦስት ዓመት ሳይሞላው፥ በ248 ወይም በ249፥ የካርቴጅ ሕዝብ ቤቱን ከብቦ ካልተሾምክልን አለ። አምስት ቄሶች ግን ትናንት የመጣ ሰው እንዴት በኛ ላይ ይሾማል ብለው ተቃወሙት። ሕዝቡ አሸነፈና ኤጲስ ቆጶስ ሆነ፤ የአምስቱ ቄሶች ቂም ግን አልበረደም።

የስደቱ ዘመን

ሹመቱን እንደ ያዘ ታላቅ መከራ መጣ። ሰባቱ ደቂቀ ኤፌሶን ዋሻ ገብተው አንቀላፉ ሲባል ስሙን የምንሰማው ንጉሥ ዳክዮስ፥ በ249 መጨረሻ ላይ የግዛቱ ሰው ሁሉ ለአማልክት እንዲሠዋ፥ መሠዋቱንም የሚያረጋግጥ የምስክር ወረቀት እንዲቀበል አዘዘ። ከነዚያ ወረቀቶች ከአርባ የሚበልጡት በግብፅ አሸዋ ውስጥ ተቀብረው ቆይተው በኋላ ዘመን ተገኝተዋል።

በካርቴጅ የሆነው ነገር የሚያሳዝን ነው። ብዙ ክርስቲያን ገና ሳይያዝና ሳይገረፍ በገዛ እግሩ እየሮጠ ሄዶ ሠዋ። ተራ የሚጠብቀው ሰው ከመብዛቱ የተነሣ ሲመሽ ሹማምንቱ ነገ ኑ ብለው የሚመልሱት፥ እርሱ ግን አይ ዛሬውኑ ይለቅልኝ ብሎ የሚለምን ነበር። ሌላው ደግሞ ሳይሠዋ በጉቦ ወረቀቱን ገዛ። ጸንተው የታሠሩ፥ የተገረፉና የሞቱም አልጠፉም።

ቆጵርያኖስስ? ቆጵርያኖስ ተሸሸገ። ታሪኩን አናስጌጥም። ሀብቱ ተወረሰ፤ እርሱም ከተደበቀበት ሆኖ ከአንድ ዓመት በላይ ሕዝቡን በደብዳቤ መራ። የሮማው ጳጳስ ፋብያኖስ በጥር 250 ሲሞት፥ የካርቴጁ እረኛ ግን መንጋውን ጥሎ ሸሸ እየተባለ ታማ። እርሱም ሕዝቡን ያለ መሪ ላለመተው ነው ብሎ መለሰ። ይህ ሐሜት እስከ ዕለተ ሞቱ ድረስ ልቡን ሳይከነክነው አልቀረም ብለን እንገምታለን።

በ251 ዳክዮስ በጦርነት ሞተ፤ ስደቱም ረገበ። ያን ጊዜ የካዱት እያለቀሱ ወደ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ተመለሱ። እነዚህን ሰዎች ምን እናድርጋቸው የሚለው ጥያቄ ክርስቲያኑን ከሁለት ከፈለው። በካርቴጅ እነዚያ የቀድሞ ተቃዋሚዎቹ ቄሶች፥ ፌሊቅሲሞስ ከሚባል ሰው ጋር ሆነው፥ ምንም ንስሐ ሳያስፈልግ ሁሉም ይግባ አሉ። በሮማ ደግሞ ኖቫቲያኖስ የተባለ ቄስ የካደ ሰው ቢያለቅስም እስከ ሞት ድረስ አይመለስም ብሎ፥ በተሾመው በጳጳሱ በቆርኔሌዎስ ላይ ራሱን ሌላ ጳጳስ አድርጎ አሾመ። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል እንደሚባለው፥ በወደቁት ላይ የጨከነው አንዳንዱ ራሱ ያልተፈተነው ነበር።

ቆጵርያኖስ ከሁለቱም አልወገነም። በ251 ጉባኤ ሰብስቦ የያንዳንዱ ሰው ጉዳይ ለየብቻው እንዲመረመር አስወሰነ። ወረቀቱን በገንዘብ የገዙት ከምርመራ በኋላ እንዲመለሱ፥ የሠዉት ደግሞ ረዥም ንስሐ ገብተው ቢያንስ በሞት አፋፍ ላይ ቊርባን እንዳይከለከሉ ሆነ። ጥቂት ቆይቶ ሌላ ስደት የሚመጣ ሲመስል፥ በንስሐ ላይ ያሉት የሠዉትም ሁሉ ይግቡ ተባለ። ከባዱ መከራ ሳይመጣ ቤት ውስጥ ይግቡ ማለቱ ነበር።

የአንዲቱ በር ትምህርት

ያ የምንከራከርበት ትምህርት የተወለደው እንግዲህ በዚህ ጠብ መካከል ነው። ቆጵርያኖስ በ251 ስለ ቤተ ክርስቲያን አንድነት አንድ አጭር መጽሐፍ ጻፈ። ቤተ ክርስቲያንን ጨረሯ ብዙ በሆነ ፀሐይ፥ ቅርንጫፉ ብዙ በሆነ ዛፍ፥ ጅረቷ ብዙ በሆነ ምንጭ መሰላት፤ ብዙ ብትመስልም አንዲት ናት ለማለት ነው። የኖኅን መርከብም አነሣ፤ ከርሷ ውጭ የቀረ እንዳልዳነ ሁሉ፥ ቤተ ክርስቲያንን እንደ እናት ያልያዘ ሰው በእግዚአብሔር ልጅነት ሊመካ እንደማይችል አስተማረ። ከአንድነት የወጣ ሰው ስለ ክርስቶስ ስም ቢገደል እንኳ የሰማዕት አክሊል የለውም እስከ ማለት ደረሰ። ከባድ ቃል ነው፤ እኛም አናለዝበውም።

ነገር ግን ለማን እንደ ተነገረ ማየት ደግ ነው። በዚያ መጽሐፍ የወቀሳቸው ጣዖት የሚያመልኩ ጎረቤቶቹን አልነበረም። የወቀሳቸው በወንድሞቻቸው መካከል አጥር ያጠሩትን፥ አንዱን በር ሁለትና ሦስት ያደረጉትን፥ ያለቀሰውን ሰው ከደጅ የመለሱትን ነው። በሩ አንድ ነው ሲል፥ እንግዲህ እናንተ ሌላ በር አትሥሩ፥ የተከፈተውንም አትዝጉ ማለቱ ነበር።

ወረርሽኙና ሬሳው

ብዙ ሳይቆይ፥ በ252 ገደማ፥ ታላቅ ወረርሽኝ ካርቴጅ ገባ። በሽታው በግዛቱ ሁሉ ዓመታት የፈጀ ሲሆን፥ ምልክቱን ጽፎ ያቆየልን እርሱ ስለ ሆነ እስከ ዛሬ በስሙ የቆጵርያኖስ ወረርሽኝ እየተባለ ይጠራል። ተቅማጥ፥ ትኩሳት፥ ትውከት፥ የዐይን መቅላት ነበረበት፤ የተረፈውም ሰው አንዳንዱ ዕውር፥ አንዳንዱ ደንቆሮ ሆኖ ይቀር ነበር። ሰው ዘመዱን ከቤት እያወጣ ጣለ። ሬሳ በየመንገዱ ተከመረ፤ የሚቀብረው ጠፋ።

የከተማው አረማውያን በበኩላቸው ይህ ሁሉ የመጣው ክርስቲያኖች አማልክቱን አናመልክም በማለታቸው ነው እያሉ ያሳብቡ ነበር። እነዚሁ ሰዎች ከሁለት ዓመት በፊት የክርስቲያኑን ቤት ሲወርሱ የከረሙ ናቸው። ታዲያ ቆጵርያኖስ ምን አደረገ? ሕዝቡን ሰበሰበና፥ የገዛ ወገንን ብቻ ማስታመም ለማንም የሚቻል ስለ ሆነ የሚያስመሰግን አይደለም፥ ፀሐዩንና ዝናቡን ለሁሉ የሚሰጥ አምላክ ልጆች ከሆናችሁ ለጠላቶቻችሁም ድረሱ ሲል መከረ። ሥራውንም እንደየሰዉ ዐቅም አከፋፈለ። ገንዘብ ያለው ገንዘቡን አዋጣ፤ የሌለው ጉልበቱን ሰጠ። በጎው ሥራ የተደረገው ለእምነቱ ቤተ ሰቦች ብቻ ሳይሆን ለሁሉም እንደ ነበረ ጶንጥዮስ ጽፏል።

እኛ ይህን ባነበብን ጊዜ ዕድር ማለት ይኸው አይደለም እንዴ አልን። መዳን በአንዲት ቤት ውስጥ ነው ብሎ የጻፈው እጅ፥ የዚያች ቤት ሰው ላልሆነው ሁሉ እርዳታ እንዲደርስ ያዘዘው እጅ ነው። ትምህርቱን ሳይለውጥ ይህን አደረገ። ሰው ማለት ይህ ነው።

በ253 ገደማም ከኑሚድያ ብዙ ክርስቲያኖች በወራሪዎች ተማርከው በተወሰዱ ጊዜ፥ የካርቴጅ ምእመናን አንድ መቶ ሺህ ሴስተርቲ የሚባለውን የሮማ ገንዘብ ለማስለቀቂያ አዋጥተው ላኩ። ቆጵርያኖስም ያዋጡትን ሰዎች ስም ጽፎ፥ በጸሎት እንዲታሰቡ ከገንዘቡ ጋር ሰደደው። የመዋጮ መዝገብ እንግዲህ ዛሬ የተጀመረ አይደለም።

የጥምቀቱ ክርክር

ከ255 ጀምሮ ደግሞ ሌላ ፈተና መጣ። ከቤተ ክርስቲያን በተለዩ ወገኖች ዘንድ የተጠመቀ ሰው ሲመለስ እንደ ገና ይጠመቅ ወይስ አይጠመቅ የሚል ነው። የሮማው ጳጳስ እስጢፋኖስ እጅ ተጭኖበት ይግባ እንጂ ዳግመኛ አይጠመቅ አለ። ቆጵርያኖስ ግን ከአንዲቱ ቤት ውጭ ጥምቀት ከቶ ስለሌለ ያ የመጀመሪያው ጥምቀት አይባልም፥ ይጠመቅ አለ። መስከረም 1 ቀን 256 በካርቴጅ በተደረገው ጉባኤ የ87 ኤጲስ ቆጶሳት ድምፅ በርሱ ሐሳብ ተስማማ።

ነገሩ ከረረ። የአፍሪቃ መልእክተኞች ሮማ ሲደርሱ እስጢፋኖስ ሊያነጋግራቸው ቀርቶ ማደሪያ እንኳ እንዳይሰጣቸው እንዳደረገ ተጽፏል። በኋላ ለብዙ መቶ ዓመታት ለአገራችን ጳጳስ ስትልክ የኖረችው የእስክንድርያ መንበር ሊቀ ጳጳስ ዲዮናስዮስ፥ በዚህ ምክንያት ሰላም አይፍረስ ብሎ ለሮማ በመጻፍ ይማልድ ነበር።

ከዚህ ክርክር ሁለት ነገር ልብ እንድንል እንፈልጋለን። አንደኛው፥ ቆጵርያኖስ ያን የ256 ጉባኤ ሲከፍት በማንም ላይ እንደማይፈርዱ፥ በሐሳብ የተለየውንም ኤጲስ ቆጶስ ከአንድነታቸው እንደማይለዩ አስቀድሞ አስታወቀ። ስለ አንዲቱ በር እንደርሱ የተከራከረ ሰው ባይኖርም፥ ያልተስማማውን ወንድሙን ከበሩ አላስወጣም።

ሁለተኛው ደግሞ ለኛ ለቀባሪዎች ይበልጥ የቀረበ ነው። አንድ ኤጲስ ቆጶስ ጥያቄ አቀረበለት፤ ባለፈው ጊዜ ዳግመኛ ሳይጠመቁ ተቀብለናቸው፥ እንዲያው የሞቱት ሰዎች ነገርስ እንዴት ይሆናል የሚል ነው። እንደ ትምህርቱ ቢሆን ጠፍተዋል ማለት ነበረበት። እርሱ ግን እነዚያን ለእግዚአብሔር ምሕረት ተዋቸው፤ ጌታ በቸርነቱ ይቅር ሊላቸው እንደሚችልና በቤተ ክርስቲያን ውስጥ ካንቀላፉት ስጦታ እንደማይለያቸው መለሰ። ለሕያዋን ሥርዐቱን አጠበቀ፤ የሙታኑን ጉዳይ ግን ለባለቤቱ ለቀቀ።

ዕረፍቱና ቀብሩ

በ257 ንጉሥ ቫሌርያኖስ አዲስ ስደት አስነሣ። ትእዛዙ ክርስቲያኖች እንዳይሰበሰቡ ብቻ ሳይሆን ወደ መቃብር ስፍራቸውም እንዳይገቡ የሚከለክል ነበር። ቆጵርያኖስ ነሐሴ 30 ቀን 257 በአገረ ገዥው ፊት ቀርቦ እምነቱን መሰከረና ቁሩቢስ ወደምትባል የባሕር ዳር ከተማ ተጋዘ።

በሚቀጥለው ዓመት ተመልሶ በገዛ አትክልት ቦታው ውስጥ በቁም እስር ተቀመጠ። አዲሱ አገረ ገዥ ጋሌርዮስ ማክሲሞስ ወደ ዑቲካ ከተማ እንዲያመጡት ሲልክ፥ ቆጵርያኖስ ዳግመኛ ተሸሸገ። አሁን ግን ከሞት ለመሸሽ አልነበረም፤ ኤጲስ ቆጶስ መሞት ያለበት በገዛ ሕዝቡ መካከል ነው በማለት ነበር። አገረ ገዥው ወደ ካርቴጅ እንደ ተመለሰ ወጥቶ ተያዘ። መስከረም 13 ቀን 258 ሌሊት በአንድ የጭፍራ ሹም ቤት ሲያድር፥ ሕዝቡ ሁሉ ደጃፉን ከብቦ ነቅቶ አደረ። እርሱም በማግሥቱ እንደሚሞት እያወቀ፥ በሕዝቡ መካከል በጨለማ የቆሙት ልጃገረዶች እንዲጠበቁ አሳሰበ።

መስከረም 14 ቀን በሰይፍ እንዲሞት ተፈረደበት። ካባውን አውልቆ ተንበርክኮ ጸለየ፤ ለሰያፊውም 25 የወርቅ ገንዘብ እንዲሰጠው አዘዘ። ምእመናን ከፊቱ ነጠላና መሐረብ አነጠፉ። ዐይኑን ራሱ ሸፈነ፤ እጁን ግን ራሱ ማሠር ስላቃተው አንድ ቄስና አንድ ንፍቀ ዲያቆን አሠሩለት። ከዓመታት በፊት ሸሸ ተብሎ የታማው ሰው እንዲህ ሆኖ ሞተ።

ሬሳው ቀን ለተመልካች በአደባባይ ቆየ። ሲመሽ ሕዝቡ ሻማና ችቦ አብርቶ፥ እየጸለየ፥ በታላቅ ክብር ወስዶ ቀበረው። ወደ መቃብር መሄድ ተከልክሎ ሳለ፥ ቀባሪ ላጡት ቀባሪ የሰበሰበውን ሰው ሕዝቡ ያለ ቀባሪ አልተወውም።

ከርሱ በኋላ

ስለ ዳግም ጥምቀት የነበረው ሐሳብ በምዕራብ ቤተ ክርስቲያን አልጸናም። የሂፖው አውግስጢኖስ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ በዚህ ነጥብ ቆጵርያኖስ እንደ ተሳሳተ፥ ነገር ግን ከማይስማሙት ጋር በፍቅር በመኖሩ ሊከበር እንደሚገባው ጽፏል። የአንዲቱ በር ትምህርት ግን ኖረ፤ እየቆየም ጠነከረ። የፍሎሬንስ ጉባኤ በ1442 ለግብፅ ክርስቲያኖች ባወጣው ውሳኔ፥ ከሮማ ቤተ ክርስቲያን ውጭ ያሉት አረማውያን፥ አይሁድና የተለዩ ክርስቲያኖች ሁሉ እንደማይድኑ በጽኑ ቃል ደነገገ። ከኢየሩሳሌም ገዳም የሄዱ ኢትዮጵያውያን መነኮሳትም በዚያው ጉባኤ ዘንድ በ1441 ቀርበው ነበር። የሮማ ቤተ ክርስቲያን ራሷ በ1964 በሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ፥ ሳያውቁ በውጭ ለቀሩና በቅን ልብ አምላክን ለሚፈልጉ መዳን እንደሚቻላቸው ገልጻለች።

ትምህርቱ ያለ ፍቅር ሲያዝ ምን እንደሚያደርግ አገራችንም አይታለች። በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ከ1625 ጀምሮ የመጣው የኢየሱሳውያን ጳጳስ አልፎንሶ ሜንዴዝ፥ የተጠመቀው ሕዝብ እንደ ገና ይጠመቅ፥ የተካኑትም ካህናት እንደ ገና ይካኑ ባለ ጊዜ፥ አባት ከልጅ ተለያይቶ ብዙ ደም ፈሰሰ። ንጉሡ በ1632 የቀድሞውን ሃይማኖት እስኪመልሱ ድረስ አገር አልረጋም። ያንተ ጥምቀት ጥምቀት አይደለም፥ አባትህም በከንቱ ሞቷል መባል እንዴት እንደሚያቆስል አያቶቻችን ቀምሰውታል።

እንግዲህ የተከበራችሁ አባላት፥ ይህን የጻፍነው ማንም ሃይማኖቱን እንዲያላላ አይደለም። መንገዱ አንድ ነው ብሎ የሚያምን ይመን፤ ቆጵርያኖስም እስከ ሰይፍ ድረስ አምኗል። እኛ ያልነው፥ ያን ያህል ያመነው ሰው ወረርሽኝ በመጣ ጊዜ የማን ሃይማኖት ነህ ብሎ ሳይጠይቅ ሰው አሰማርቷል፥ በሞቱትም ላይ ፍርድ አልሰጠም ነው። የዕድራችን መተዳደሪያ ደንብም መዋጮ የከፈለውን ሁሉ ለመቅበር ነው የተጻፈው፤ ነፍስ የት እንደምትገባ የሚወስን አንቀጽ የለውም።

ባለፈው ዓመት ከድንኳኑ ጫፍ ተቀምጠው ክርክራችንን የሰሙት ልጆች ዛሬም ጎረቤቶቻችን ናቸው። ጡሩምባው በሚቀጥለው ጊዜ ሲነፋ፥ ለማንም ይሁን፥ ቀድመን ከቃሬዛው ሥር እንገኝ። የቀረውን ክርክር ከሠልስት በኋላ፥ ኀዘንተኛው በሌለበት፥ ቡና ላይ እናድርገው።

በዓመቱ ውስጥ ለተለዩን ሁሉ ዕረፍትን፥ ለቤተ ሰቦቻቸውም መጽናናትን እንመኛለን።